የማይታየው ዕቃና የአደባባዩ ፈተና
የመለዋወጫ አምራቾች በመኪና ውድድርና ትርኢት ታሪክ ያላቸው ድርሻ

በኦጎልቾ ገበያ በሬ ሊገዛ የወጣ ገበሬ እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት ብዙ ነገር ይመረምራል። ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ያነባል፤ ጫንቃውን ዳብሶ ቀንበር የለመደ መሆኑን ያጣራል፤ ነድቶም አረማመዱን ይመለከታል። ፈረስ የሚገዛ እንደ ሆነ ደግሞ ሳይጋልብ ዋጋ አይቆርጥም። ይኸው ገበሬ ወይም ልጁ ከመኪና መለዋወጫ መደብር በር ላይ ሲቆም ግን ይህ ሁሉ የአባቶች ጥበብ ይከዳዋል። ካንዴላው በካርቶን ተሸፍኗል፤ ኩሽኔታው በቅባት ወረቀት ተጠቅልሏል፤ አንዱ የፍሬን ሸራ ከሌላው የፍሬን ሸራ በዓይን አይለይም። ጥርሱ አይታይ፣ አይነዳ፣ አይጋለብ። ገዢው የሚተማመነው በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ስም ብቻ ነው።

የመለዋወጫ አምራች በመኪና ውድድር ላይ ገንዘቡን ለምን ያፈሳል? ዋንጫውን የሚወስደው ሾፌሩ ነው፤ ስሙ የሚነሳው የመኪናው ፋብሪካ ነው። ጎማ ሠሪው፣ ካንዴላ ሠሪው፣ የካርቡራቶር ባለሙያው ከዚህ ሁሉ ጭብጨባ ምን ይደርሳቸዋል? የጥያቄው መልስ የሚገኘው ከላይ በተመለከተው የገበያ ችግር ውስጥ ነው። ዕቃው የማይታይ ስለ ሆነ ሰው ሁሉ በሚያየው ስፍራ መፈተን አስፈለገው። ከዚህ የተነሳ የመኪና ውድድርና ትርኢት ታሪክ፣ ከሾፌሮቹ ታሪክ ባልተናነሰ፣ የመለዋወጫ ሠሪዎች ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመለከቱ ናቸው።

በመንገድ ላይ የተበተነው ሚስማር

ነገሩ የተጀመረው ከመኪና በፊት በብስክሌት ነው። በፈረንሳይ አገር በክሌርሞን ፌራን ከተማ የላስቲክ ፋብሪካ የነበራቸው አንድሬና ኤድዋር ሚሽለን የተባሉ ወንድማማቾች፣ ሲበሳ በቀላሉ ተፈትቶ የሚጠገን ባለ አየር ጎማ ሠሩ። በ1891 ከፓሪስ እስከ ብሬስት ደርሶ መልስ በተደረገው ታላቅ የብስክሌት ውድድር ሻርል ቴሮን የተባለው ጋላቢ በዚሁ ጎማ ተጠቅሞ አሸነፈ። ወንድማማቾቹ ግን በዚህ አልረኩም። በተከታዩ ዓመት በ1892 ከፓሪስ እስከ ክሌርሞን ፌራን ራሳቸው ውድድር አዘጋጁና በመንገዱ ላይ ሆን ብለው ሚስማር አስበተኑ። ዓላማቸው ጎማው አይበሳም ለማለት አልነበረም፤ ይበሳል፣ ነገር ግን ባለቤቱ ራሱ ከመንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ሊጠግነው ይችላል ለማለት እንጂ። የምርቱን ድካም ሳይሸሽግ ከነመድኃኒቱ ለሕዝብ ማሳየት፣ ከማናቸውም የማስታወቂያ ቃል የበለጠ ኃይል ነበረው።

በ1895 የፓሪስ፣ ቦርዶ፣ ፓሪስ የመኪና ውድድር ሲታወጅ ሚሽለኖች ባለ አየር ጎማን ለመኪና ሊያውሉ ተነሱ። በጎማቸው የሚደፍር የመኪና ፋብሪካ በመጥፋቱ «ኤክሌር» የተባለችውን መኪና ራሳቸው አዘጋጅተው ራሳቸው ነዱ። መንገዱ ወደ 1,180 ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ኤሚል ለቫሶር በደፍን ጎማ 48 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ተጉዞ ከሁሉ ቀድሞ ሲደርስ፣ ኤክሌር የያዘቻቸውን 22 ትርፍ ከመነዳሪዎች ጨርሳ ከተወሰነው 100 ሰዓት በኋላ በመጨረሻ ገባች። በውድድሩ ሕግ የተሸነፈች መኪና ናት፤ በታሪክ ሚዛን ግን ያሸነፈችው እርስዋ ነች። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ደፍን ጎማ ከውድድር መስክ ጠፋ። በ1900 ሚሽለኖች 35,000 ቅጂ ያህል የመንገደኛ መምሪያ መጽሐፍ አሳትመው በነፃ ሲያድሉ፣ ጎማ እንዴት እንደሚቀየርና ጠጋኝ የት እንደሚገኝ ጭምር ጽፈውበት ነበር። ዕቃውን የሸጠ ሰው ገዢውን በመንገድ ላይ ጥሎት እንደማይሄድ በተግባር አሳዩ።

የብልጭታው ባለቤቶች

ጎማ ቢያንስ ከውጭ ይታያል። ከሞተሩ ሆድ ውስጥ የምትፈነጥቀዋን ብልጭታ ግን ማን ያያታል? ሮበርት ቦሽ በ1886 በሽቱትጋርት ከተማ አነስተኛ የሥራ ቤት ከፈተ፤ በ1897 የማኜቶ ማቀጣጠያን ከመኪና ጋር አስማማ፤ በ1902 ደግሞ ጎትሎብ ሆኖልድ የተባለው ኢንጂኒየሩ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨውን ማኜቶ ከካንዴላ ጋር አዋሕዶ ሠራ። በ1903 በአየርላንድ በተደረገው የጎርደን ቤኔት ዋንጫ ውድድር ቤልጅጋዊው ካሚል ዠናዚ የቦሽ ማኜቶ በተገጠመለት ሜርሴደስ ሲያሸንፍ፣ የማይታየው ዕቃ በሰው አፍ ላይ ዋለ። ዠናዚ ስለ ቀይ ጢሙና ስለ አነዳዱ «ቀዩ ሰይጣን» የሚል ቅጽል ወጥቶለት ነበርና፣ ድርጅቱ በኋላ ይህንኑ መልክ በማስታወቂያው ሥዕል ላይ አዋለው። ብልጭታዋ መልክ አገኘች።

ከአትላንቲክ ማዶም አልበርት ሻምፒዮን የተባለ የፓሪስ ተወላጅ ተመሳሳይ መንገድ ተከትሏል። እርሱ ራሱ ተወዳዳሪ ነበር፤ በ1899 የፓሪስ ሩቤ የብስክሌት ውድድርን አሸንፏል። ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በመኪና ሲወዳደር እግሩ ክፉኛ ከተሰበረ በኋላ ወደ ማቀጣጠያ ዕቃ ሥራ አዘነበለ፤ በ1908ም በፍሊንት ከተማ በስሙ መነሻ ፊደላት የታወቀውን የካንዴላ ድርጅት አቋቋመ። ሊንድበርግ በ1927 አትላንቲክን ብቻውን ሲያቋርጥ በአውሮፕላኑ ሞተር ውስጥ የነበሩት የዚሁ ድርጅት ካንዴላዎች ነበሩ። በውድድር ላይ ሕይወቱን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው የሠራው ዕቃ፣ በሌላው ሕይወት ላይ እንዲህ ያለ አደራ ተሸከመ።

ሜዳውን የሠሩት መለዋወጫ ሠሪዎች

የኢንዲያናፖሊስ የመኪና ውድድር ሜዳ በ1909 ሲመሠረት ከአራቱ ሽርካዎች መካከል የመኪና ፋብሪካ ባለቤት የነበረው አንዱ ብቻ ነው። ካርል ፊሸርና ጄምስ አሊሰን ለመኪና ፋኖስ የሚያገለግል የታመቀ አሴቲሊን ጋዝ ያመርቱ ነበር፤ ፍራንክ ዊለር ደግሞ የካርቡራቶር አምራች ነበር። ስለዚህ በዓለም ላይ ስመ ጥር የሆነው የውድድር ሜዳ የተሠራው በአብዛኛው በመለዋወጫ ገንዘብ ነው።

መጀመሪያው ግን የሚያስደስት አልነበረም። በነሐሴ ወር 1909 የተደረገው የመጀመሪያ የመኪና ውድድር በጠጠርና በሬንጅ በተነጠፈው መንገድ መፈረካከስ ምክንያት የ5 ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ፤ ከእነዚህም ውስጥ ሁለቱ ሊያዩ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ባለቤቶቹ ስማቸውን የሚያስጠራ ዝግጅት ሬሳ የሚያስቆጥር ሲሆን ሁለት መንገድ ከፊታቸው ተደቀነ፤ አንዱ መተው፣ ሁለተኛው ማስተካከል። እነርሱ በዚያው ዓመት 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ያህል ጡብ አስነጠፉ። በ1911 የመጀመሪያው የ500 ማይል ውድድር ሲካሄድ ሬይ ሃሩን በሰዓት በአማካይ 120 ኪሎ ሜትር እየነዳ አሸነፈ። የማርሞን ፋብሪካ ኢንጂኒየር የነበረው ይህ ሰው፣ ሌሎቹ ኋላቸውን የሚጠብቅ ረዳት አጠገባቸው ሲያስቀምጡ፣ በመኪናው ላይ የኋላ መመልከቻ መስታወት ገጥሞ ብቻውን ነዳ። ከ1936 ጀምሮ ለአሸናፊው የሚሰጠውን ታላቅ የብር ዋንጫ ያበረከተውም የካምቢዮና የፍሪሲዮን አምራች የሆነው ቦርግ ዋርነር ነው።

የአማተሮቹ ዓለም

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ስለ ትላልቅ ውድድሮች ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን በካሊፎርንያ ሌላ ዓይነት ሕዝብ ተነሣ። ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወጣቶች ያረጁ ፎርዶችን በርካሽ እየገዙ፣ ሞተራቸውን እየፈቱና እያሻሻሉ፣ በደረቅ ሐይቅ ሜዳና በአሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይወዳደሩ ጀመር። የሚፈልጉትን ዕቃ ፋብሪካ አይሠራላቸውምና ከመካከላቸው እጀ ብልሆቹ በጓሮአቸው እየሠሩ ለጓደኞቻቸው ይሸጡ ነበር። ከአርመን ቤተሰብ የተወለደው ኤድ ኢስከንዴሪያን የካም ዘንግ በመሞረድ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ሻጭና ገዢ ከአንድ ሜዳ የሚውሉ፣ በአንድ ቁልፍ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ።

በ1963 እነዚህ አምራቾች በመጀመሪያ «የፍጥነት ዕቃ አምራቾች» በሚል ስም ማኅበር አቋቋሙ፤ ኢስከንዴሪያንም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1967 በሎስ አንጀለስ ዶጀር ስታዲየም ሥር 98 የማሳያ ቦታዎች ያሉት የመጀመሪያ ትርኢታቸው ተከፈተ፤ ዛሬ በየዓመቱ በላስ ቬጋስ የሚካሄደው ታላቅ ትርኢት መነሻው ይኸው ነው። ለኢንጂኒየር ግን ከትርኢቱ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ማኅበሩ በደረጃ ምደባ ረገድ ያከናወነው ተግባር ነው። በአጭር ርቀት ውድድር ላይ ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲሽከረከር ቮላኖውና ፍሪሲዮኑ እየፈነዱ ሾፌሮችን ያቆስሉ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሚሽከረከር አካል ላይ የሚያርፈው ጭነት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ የዙሩ ብዛት እጥፍ ሲሆን ጭነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለመንገድ ተብሎ በተራ ብረት የተቀለጠ ቮላኖ ይህንን አይችልም። አምራቾቹ ለእንደዚህ ያሉ ዕቃዎች የፈተና ደረጃ አወጡ፤ በ1978ም ይህንን ሥራ የሚመራ ራሱን የቻለ ተቋም አቆሙ። የውድድሩ አዘጋጅ ደረጃውን ያላሟላውን ዕቃ ከሜዳው ያግዳል። እዚህ ላይ ድጋፍ የሚለው ቃል ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል፤ ባንዲራ መስቀል ብቻ ሳይሆን፣ ለሸጡት ዕቃ በሰው ፊት መጠየቅ ነው።

ልዩነቱ በ1968 በጉልህ ታየ። እስከዚያ ድረስ በአውሮፓ የታላላቅ ውድድር ቡድኖችን በገንዘብ ይረዱ የነበሩት በአብዛኛው የነዳጅ፣ የጎማና የመለዋወጫ ድርጅቶች ነበሩ። አንዳንዶቹ ሲያፈገፍጉና ሕጉም ሲላላ፣ የሎተስ ቡድን መኪኖቹን በአንድ የሲጋራ ድርጅት ቀለም ቀባ። ገንዘቡ በዛ፤ ነገር ግን ገንዘብ ሰጪውን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው አንድም ብሎን አልነበረም። ሲጋራ ሻጩ መኪናው ቢሰበር የሚማረው የለም፤ ካንዴላ ሠሪው ግን ከእያንዳንዱ ስብራት አንድ ነገር ይማራል።

ጎረቤት የሆነው ፈተና

ለአፍሪካ ቀንድ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው ታሪክ በ1953 በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ነው። በአቧራ፣ በጭቃና በወንዝ ሙላት የሚያልፈው ይህ ውድድር ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል፤ በ1963 ከተነሱት 84 መኪኖች ውስጥ መጨረሻ የደረሱት 7 ብቻ ናቸው። በ1968ም እንዲሁ 7 ብቻ ገቡ። በሁለቱም ጊዜያት ያሸነፈው ኒክ ኖቪትስኪ የነዳው ፔዦ 404 ነበር።

የአውሮፓ አምራቾች አሞርዛተራቸውን፣ ጎማቸውንና መብራታቸውን ይዘው ወደዚያ የጎረፉት በላቦራቶሪ ሊፈጥሩት የማይችሉት ፈተና ስለ ነበር ነው። ይሁን እንጂ የራሊው ታላቅ ጀግና ከአውሮፓ አልመጣም። በኬንያ ተወልዶ ያደገው ጆጊንደር ሲንግ ሙያው መካኒክ ነበር፤ በአውቶሞቢል ማኅበር ውስጥም በመንገድ ላይ ለተበላሸባቸው የሚደርስ ረዳት ሆኖ አገልግሏል። በ1965 ከወንድሙ ጋር ሆኖ ቀደም ሲል በራሊ ያገለገለች አሮጌ ቮልቮ ነድቶ አሸነፈ፤ በ1974ና በ1976ም በሚትሱቢሺ ላንሰር ደገመው። የሰው መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው የትኛው ዕቃ መቼ እንደሚከዳ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። በ1960ዎቹ በኢትዮጵያም ደጋማ መንገዶች ላይ የሃይላንድ ራሊ ሲካሄድ፣ ተመሳሳይ የአቧራና የዳገት ፈተና በዚህ አገር እንዳለ ታይቷል።

ከአሰላ እስከ ኦጎልቾ

ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ መኪናውን ከጅቡቲ እየነዳ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ ለዳግማዊ ምኒልክ ባቀረበ ጊዜ፣ በመንገዱ ላይ አንድም የመለዋወጫ መደብር አልነበረም። ያ ጉዞ ራሱ የአደባባይ ፈተና ነበር። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ጋራዥ የራሱን ቋንቋ አዳበረ፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ እያለ ከጣልያንኛ የወረሰውን ቃል የራሱ አደረገ። ቃሉ ሲገባ ግን ፈተናው አብሮ አልገባም።

አርሲ አንድ ጊዜ ማሽንን በሰፊው አይታለች። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ተቋቁሞ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ለአነስተኛ ገበሬ ማዳረስ፣ በቁሉምሳ የስንዴ ዘር መመርመር፣ የተሻሻለ ማረሻና ጋሪ መሥራት ያዘ። በዚያው ዘመን ትራክተር በብዛት ወደ ጭላሎ ገባ። ትራክተሩ በአደባባይ ያሳየው ጉልበቱን ነበር፤ ያላሳየው ነገር ቢኖር ባለመሬቱ ማሽን ሲያገኝ ጭሰኛውን የሚያፈናቅል መሆኑን ነው። አያሌ ጭሰኞች ከእርሻቸው ተነሱ፤ ይህም የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ቀጠለ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ ትርኢት የሚመዘነው ባሳየው ብቻ ሳይሆን በሸሸገውም ጭምር ነው። ሚሽለኖች ሚስማሩን ራሳቸው በመበተናቸው የተመሰገኑት ስለዚህ ነው።

አርሲ ፈተናና ድጋፍ ሲጣጣሙ ምን ፍሬ እንደሚሰጡም ታውቃለች። በአሰላ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲጨርስ በእግሩ የነበረው አዲዳስ ጫማ ነው። ጫማ የሯጭ ጎማ ነው። ጫማ ሠሪው ኃይሌን የደገፈው፣ ሯጩ እያንዳንዷን እርምጃ በዓለም ፊት ስለሚፈትንለት ነው። በቆጂና አሰላ ይህንን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም።

ወደ መኪናው ስንመለስ፣ አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የዝዋይ ሐይቅ ውሃ ደግሞ 1,636 ሜትር ላይ ነው። ከአሰላ ወደ ኦጎልቾና ወደ ሐይቁ ዳርቻ የሚወርድ መኪና 700 ሜትር ያህል ቁልቁል ይጓዛል። አየሩ በአሰላ ከፍታ ከባሕር ጠለሉ በአምስት እጅ አንድ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩ ሽቅብ ሲወጣ ይደክማል፤ ቁልቁል ሲወርድ ግን የሚደክመው ፍሬኑ ነው። 10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 700 ሜትር ሲወርድ ወደ 69 ሚሊዮን ጁል የሚሆን ጉልበት መጣል አለበት። ይህ ጉልበት 230 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 90 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ሞተሩና የመንገዱ ሰበቃ ይጋራሉ፤ ሾፌሩ በማርሽ ካልያዘው ግን አብዛኛው የሚያርፈው በጥቂት የፍሬን ሸራዎች ላይ ነው። ሸራው በስም ብቻ የታወቀ ድርጅት ካርቶን ውስጥ የገባ አስመሳይ ከሆነ፣ ሲግል መያዝ ያቆማል። ያን ጊዜ የስም ነገር የሕይወት ነገር ይሆናል። በመኪናው ላይ ያለው ስንዴ በቁሉምሳ ተመርምሮ በ2012 የተለቀቀውና «ኦጎልቾ» የሚል ስም የተሰጠው ዝርያ ሊሆን ይችላል። ለዘሩ ስም ከመሰጠቱ በፊት በየማሳው ለዓመታት ተፈትኗል፤ ዘሩን የጫነው መኪና ፍሬን ግን አንድ ቀን እንኳ በሰው ፊት አልተፈተነም።

እንግዲህ የታሪኩ መደምደሚያ ለሙያው ባለቤቶች አንድ ተግባር ይጠቁማል። የመለዋወጫ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅቶች ለስፖርት በዓልና ለመኪና ትርኢት ገንዘብ ሲያወጡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስማቸውን በሸራ ላይ ጽፈው ከመስቀል አልፈው፣ ዕቃቸውን በኢንጂኒየሮች ፊትና በሾፌሮች መካከል እንዲያስፈትኑ መጋበዝ ይቻላል። ለዚህ የኢንዲያናፖሊስ ሜዳ አያስፈልግም። አንድ የታወቀ ቁልቁለት፣ አንድ የሙቀት መለኪያ፣ ከሚታወቀው መደብርና ከመንገድ ዳር የተገዙ ሁለት የፍሬን ሸራዎች፣ ውጤቱንም በግልጽ የሚጽፍ አንድ ባለሙያ ይበቃሉ። የተበሳው ተበሳ፣ የጋለው ጋለ ተብሎ ይነገር። ይህንን የሚፈራ ነጋዴ ከመድረኩ መቅረቱ ራሱ ለገዢው በቂ ምስክር ይሆናል።

ወርቅ በእሳት ይፈተናል ይባላል። በኦጎልቾ ገበያ የበሬውን ጥርስ ገልጦ የሚያየው ገበሬ ይህንን ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። የቀረው ነገር፣ ለማይታየው ዕቃ ጥርስ የሚያበጅለትና ገልጦ የሚያሳየው ባለሙያ ነው።